በካርታው ላይ አንድ ቀይ ነጥብ

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ዛሬ ባሕሩ በጊዜ ሸሸ። ከሴቶቹ ጋር ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበት ገብተን የሚበላውን ዛጎል ለቀምን። እንደ ሁልጊዜው። ልዩነቱ እኔ ከየቦታው አንድ አንድ እፍኝ ለብቻ በላስቲክ ከረጢት እያደረግሁ ስም መለጠፌ ነው። የማንግሮቭ ዛፎቹ ጥግ... የታንኳ መውጫው... የሩቁ የባሕር ክንድ...

ተመራማሪዋ ዶክተር ኦዲል ከዳካር መጣች። ገና ከጀልባ ሳትወርድ የለቃሚ ሴቶች ማኅበራችን ሊቀመንበር ያይ ሲጋ ጀመረቻት።

"ጆላዋ መጣች። ሩዛችሁን ደብቁ።"

"እናንተ ሴሬሮች ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሩዝ ያላችሁ? ባሪያ ጌታውን የሚቀበለው እንዲህ ነው?"

ሴሬርና ጆላ የሚባሉት ሁለቱ ጎሳዎቻችን ሲገናኙ ካልተሰዳደቡ ሰላም ተባባሉ አይባልም። ያይ ሲጋ ጭቃ በሆነ እጇ ጉንጯን ነካቻት። ኦዲልም ሳትጠርገው ዋለች።

እኔ ግን የማስታውሰው የመጀመሪያ ቀኗን ነው። ከእሷ በፊት ሌሎች ተመራማሪዎች መጥተው ነበር። ዛጎል በጆንያ፣ ከልጆች ደም፣ ከጉድጓድ ውኃ... ወስደው ሄዱ። ምን አገኙ? እስከ ዛሬ አናውቅም። ስለዚህ ኦዲል ስትመጣ ያይ ሲጋ መንገድ ላይ አቆመቻት። "ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ የምታገኙትን መጀመሪያ መንደሩ ይሰማል። ከዚያ ደግሞ ማንም ሰው፣ የትም ያለ፣ ሳይከፍል ያነበዋል። ይህ ካልሆነ ጭቃችንን አትረግጪም።" ኦዲል "እኔም የምፈልገው እሱን ነው" አለች። ተጻፈ፤ ተፈረመ። ናሙና የምሰበስበው፣ ውጤቱንም በሴሬርኛ የማስረዳው እኔ ሆንኩ። ከሴቶቹ ሁሉ ብዙ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ። "ተባባሪ ተመራማሪ ምቢሲን ሳር" ይላል ወረቀቱ።

ባሌ ቢራን ዓሣ ከሚያጠምድበት ከሞሪታንያ ደውሎ ሳቀብኝ። "አሁን ስመጣ ቀጠሮ መያዝ አለብኝ ማለት ነው?"

ደስ ብሎኛል ዛሬ። እግሬን ዛጎል ቆርጦኛል፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 29

ወንድሜ ላቲር ቤት ብቅ አልኩ። ትንሿ ልጁ ያንዴ ሆዷን ይዛ ተጋድማለች። እናቷ ንጎኔ "ትል ነው፤ መድኃኒት ሰጥቻታለሁ" አለችኝ። ባለፈው ወርም ትል ነው ብላ ነበር። ስድስት ዓመት ሞልቷታል፤ የአራት ዓመት ልጅ ነው የምትመስለው። አስተማሪዋ ደግሞ "ዛሬ ያስተማርኳትን ነገ ትረሳዋለች" አለ አሉ።

ላቲር በር ላይ ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። "ተዉአት። እኔም በልጅነቴ ደደብ ነበርኩ፤ ይኸው ትልቅ ደደብ ሆኛለሁ።"

ያንዴ ተኝታ ሳቀች። አባቷ ሲናገር ሁልጊዜ ትስቃለች።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ኦዲል ደወለች። አልተሳደበችም። ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"ዛጎል እየቀቀልኩ።"

"እስቲ ቁጭ በይ።"

እርሳስ ተገኘ። ብረቱ... መርዛማው። ከሩቁ ክንድ የመጣው ንጹሕ ነው። የማንግሮቩ ጥግ ትንሽ ትንሽ። የታንኳ መውጫው አጠገብ የተለቀመው ግን መበላት የለበትም፤ በጣም ከልክ ያለፈ ነው አለች። ላቦራቶሪው ተሳስቶ እንደሆን ብላ ደግማ አስመርምራዋለች። ያው ነው። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ልጆችን ነው አለች። ዕድገታቸውን። አእምሯቸውን። ሆዳቸውን።

ሆዳቸውን...

"ምቢሲን፣ እዚያ ዳርቻ ላይ ምን አለ?"

"ታንኳዎች።"

"ሌላስ?"

"ታንኳዎች ናቸው ያሉት።"

ስልኩን ስዘጋ ዛጎሉ እሳት ላይ አርሯል። ለምን አልነገርኳትም? ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 11

ለማንም አልተናገርኩም። ሰው "ደህና አደርሽ?" ሲለኝ እንኳ የጠየቀኝ ስለ እርሳሱ ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 14

ላቲር ወደሚሠራበት ሄድኩ። ከታንኳ መውጫው ከፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ የተከለለ ቦታ። ስንት ዓመት ያየሁት ቦታ ነው... ዛሬ ግን ገና ያየሁት መሰለኝ።

ከካውላክ ከተማ ያረጁ የመኪና ባትሪዎች በታንኳ ይመጡለታል። በመጥረቢያ ይፈልጣቸዋል። ውስጡ ያለውን ግራጫ ነገር በብረት ድስት አቅልጦ አሸዋ ላይ በሠራው ቅርጽ ያፈሰዋል። ሲቀዘቅዝ መረቡን ወደ ታች የሚጎትተው ክብደት ይሆናል። የደሴታችን መረብ ሁሉ የሚሰጥመው በላቲር እጅ ሥራ ነው። አባታችን ሲሞት እኔን ትምህርት ቤት ያቆየኝም ይኸው ሥራ ነው። ይህን የምጽፍበትን ፊደል የቆጠርኩት በዚያ ድስት ነው።

ዝናብ ሲመጣ የድስቱ አመድ ወዴት ይሄዳል? ወደ ታች። ሴቶቹ ዛጎል ወደሚያጥቡበት። ያንዴ ደግሞ ባዶዎቹን የባትሪ ቅርፊቶች ደርድራ ቤት ሠርታለች። አሻንጉሊቷን ታስተኛለች።

"ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ?" አለኝ ላቲር።

"ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው።"

"ወደዚህ ዙሪ ታዲያ። ተመራማሪ ተብለሽ ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ አታውቂም?"

"ላቲር... ይህን ነገር ከሰፈር ብታርቀው ምን ይመስልሃል?"

"የት ልውሰደው? ደሴት ላይ ነው ያለነው እኮ።" ሳቀ። "ከፈለግሽ መስጊድ ውስጥ ላድርገው?"

እኔም ሳቅሁ። ሳቄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። ነገሩን ሳልነግረው ተመለስኩ።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

ጾም ገባ። የእኛ የሙስሊሞቹም የኦዲል የክርስቲያኗም በአንድ ቀን። ያይ ሲጋ "ጆላ ጾም ያውቃል እንዴ? የአሳማ ጥብሱን ለማን አደራ ሰጥታ መጣች?" አለቻት። ኦዲል ፈገግ አለች እንጂ አልመለሰችም። ያይ ሲጋ ያን ጊዜ ነቅታለች ይመስለኛል። እኔን አየችኝ። ዓይኔን ሰበርኩ።

ከኦዲል ጋር በዳርቻው ሄድን። ከአፈሩ ልትወስድ። ቆርቆሮውን አለፍን... ቅርፊቶቹን አየች፤ ድስቱን አየች። ላቲር በዚያ ሰዓት አልነበረም።

"ታንኳዎች" አለችኝ ቀስ ብላ።

"የወንድሜ ነው።"

ቁጭ አለች፤ መሬቱ ላይ ሳይሆን የተገለበጠ ታንኳ ላይ። እኔም ከጎኗ። ካርታውን በስልኳ አሳየችኝ። ደሴታችን እንደ መዳፍ ተዘርግታ፣ ዙሪያዋን አረንጓዴና ቢጫ ነጥቦች፣ አንድ ቀይ። ቀዩ የእሱ ነው።

ለመንኳት። "አንዲት ነጥብ ናት። ይህቺን ብቻ አውጪልኝ። ሌላውን ለዓለም ሁሉ አሳይ። ለእሱ እኔ እነግረዋለሁ፤ ያቆማል። አለቀ።"

ስልኳን አጠፋችው። ክፉ መልስ ብትመልስልኝ ይሻለኝ ነበር።

"ማውጣት እችላለሁ። ከእኔና ከአንቺ ሌላ ማንም አያውቅም። ለመንደሩ ስል ትናንት ሳስበው ነው የዋልኩት።" ከዚያ... "እነዚያን ቀደም ብለው የመጡትን ግን ምን ብላችሁ ነው የምትረግሟቸው?"

"ያወቁትን ደበቁን ብለን።"

ጠላኋት። ወንድሟ አይደለማ።

ስትነሣ "መንደሩ ሳይሰማ ምንም አይወጣም። ቃሌ ቃሌ ነው" አለች። "የልጆቹ ነገር ግን ስብሰባ አይጠብቅም። ለጤና ጣቢያው ነርስ ነግሬዋለሁ፤ ሰኞ ደም ይወሰዳል። ዳርቻው ላይ መልቀሙም ከዛሬ ይቁም።"

ያይ ሲጋ ስትሰማ አልጮኸችም። ሻሿን ፈታ እንደገና አሰረችው። "ሴቶቹን እኔ እከለክላለሁ። ወንድምሽን ግን አንቺ ንገሪው። ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማ።"

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 23

ነገርኩት።

ከአፍጥር በኋላ ይሁን ብዬ ነበር፤ ነርሱ ግን ደም የሚወስደው ጠዋት ስለሆነ መቆየት አልቻልኩም። ላቲር ባትሪ እየፈለጠ ነበር። ቆሜ ነገርኩት። ሁሉንም። እስክጨርስ መጥረቢያውን አላስቀመጠም።

"ማነው ያለው?"

"ላቦራቶሪው። ሁለት ጊዜ አይተውታል።"

"እኔ የምጠይቅሽ፣ ዛጎሉን ከእኔ በር ላይ ማን ለቀመው ነው።"

"...እኔ።"

"ስሙን ማን ጻፈበት?"

"እኔ ነኝ ላቲር።"

"የወንድምሽን ቤት በካርታ ላይ ቀይ ቀባሽው ማለት ነው።"

ያንዴም ደም ትስጥ አልኩት። "ልጄ ትል ነው ያለባት" አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ "ንጎኔን ንገሪያት። ትውሰዳት" አለ።

ነርሱ መርፌውን ሲያስገባ ያንዴ አላለቀሰችም። የኔን ጣት ይዛ "አክስቴ፣ ቀይ ነው" አለችኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 5

ውጤቱ መጣ። ደም ከሰጡት ልጆች ብዙዎቹ ውስጥ እርሳሱ አለ። ከሁሉም የባሰው የያንዴ ነው። ሐኪሞቹ ከተማ ሆስፒታል ትግባ፣ ከሰውነቷ የሚያወጣ መድኃኒት አለ አሉ። ወደ ሙሉ ጤንነቷ ትመለሳለች? ነርሱን ጠየቅሁት። ወደ ወረቀቱ አየ። "ይቀንሳል" አለኝ። የጠየቅሁት እሱን አልነበረም።

ንጎኔ መጣች። ትሰድበኛለች ብዬ ተነሣሁ። አልሰደበችኝም። የያንዴን ቀሚሶች ይዛ፣ ከእኔ ዘንድ የቀረ የዝናብ ልብስ ነበር፣ እሱን ልትወስድ ነው የመጣችው። በሩ ላይ ቆማ፣

"ባትሪውን ሲፈልጥ የሚለብሰውን ልብስ እኔ ነኝ የማጥበው" አለች። "ከእሷ ልብስ ጋር ቀላቅዬ። በአንድ ገበቴ።"

አቅፌያት ቆምኩ። እሷ ግን እጆቿን አላነሣችም።

ዓርብ፣ ማርች 6

ያንዴና እናቷ በጠዋቱ ጀልባ ሄዱ። ላቲር እሳቱን አጥፍቷል። ድስቱን ገልብጦ ላዩ ላይ ተቀምጦ ያጨሳል። በጾም ቀን፣ በሰው ፊት። ማንም ምንም አላለውም።

ማክሰኞ፣ ማርች 24

ስብሰባው ዛሬ ሆነ፤ ከበዓሉ በኋላ ይሁን ብለው አቆይተውት ነበር። የበዓሉን ኩስኩስ እንዴት እንደበላሁት አላስታውስም። ለላቲር ልኬለት ነበር፤ ሳህኑ እንደተከደነ ተመለሰ።

ሁሉም መጣ። ላቲር ብቻ ቀረ። ኦዲል ካርታውን በትልቅ ወረቀት አሳትማ አምጥታ መስጊዱ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። ማስረዳት የእኔ ሥራ ነው። አስረዳሁ። ቀዩ ላይ ጣቴን አድርጌ ተናገርኩ። ማንም "የማን ነው?" አላለም። ማን የማያውቅ አለ?

ከዚያ ተጀመረ።

አንዱ አጥማጅ፣ "እኛ ሰምተናል። ልጆቹም እየታከሙ ነው። ይበቃል። ለካውላክ ነጋዴ ምን ብለን ነው ገመናችንን የምናሳየው?"

ሌላው፣ "ይውጣ፤ የደሴቱ ስም ግን አይጻፍ።"

"ስም የሌለው ደሴት የት ነው ያለው? ሰማይ ላይ?" አለች ከሴቶቹ አንዷ።

"አንቺ ዝም በይ። የደረቀ ዛጎልሽን የሚገዛሽ ሲጠፋ ያኔ ትናገሪያለሽ።"

"የኔን ልጅ ደም አይተኸዋል? የአንተ ልጆች ዳካር ናቸው።"

የመንደሩ ሹም ማም ጄጋን እጁን አነሣ። ወደ ኦዲል ዞረ። "አንቺስ፣ የባሪያዎቻችን ልጅ? ምን ትላለሽ?" ሰዎች ትንሽ ሳቁ። ሊያቀልላቸው ነው።

ኦዲል አልሳቀችም። "ማም፣ እኔ እዚህ የምወስነው የለም። ስምምነቱ እንዲህ አይልም። አይውጣ ካላችሁ አይወጣም። እኔ ልናገረው የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌሎቹም ደሴቶች እንዲህ ያቀልጣሉ። መኖሩን የሚያውቅ የለም።"

ያይ ሲጋ ተነሣች።

"መንገድ ላይ ያቆምኳት እኔ ነኝ" አለች። "ጥሩም ይሁን መጥፎ ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ መጥፎው ወደ እኛ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ሌላ ሰው ላይ ነው ያሰብኩት... ዘይት የሚደፉት ትልልቅ መርከቦች ላይ። ደስ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ደስ አላለኝም። ግን ቃሌን የሰጠሁት ደስ ሲለኝ ብቻ እንዲሠራ አይደለም።" ተቀመጠች።

ማም ጄጋን ወደ እኔ ዞረ። "ልጄ፣ ከሁላችን ይልቅ የሚነካው አንቺን ነው። ተናገሪ።"

እኔ ደግሞ ስንት ቀን ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። ጠፋብኝ። ያንዴ ብቻ ነበረች ፊቴ ላይ፣ ከእነዚያ ቅርፊቶች ጋር። በሌላው ደሴት ደግሞ ስሟን የማላውቃት አንዲት ልጅ...

"ይውጣ" አልኩ። "ከነደሴቱ ስም።"

ማም ጄጋንም ይውጣ ብሎ ዘጋው። የላቲር ስም እንዳይጻፍ ግን ሁሉም ተስማሙ። ኦዲልም። የሰው ስም መጀመሪያም አይጻፍም ነበር አለች።

ከስብሰባው ስወጣ ከመስጊዱ አጥር ጀርባ ቆሞ አየሁት። ሁሉንም ሰምቷል ማለት ነው። "ላቲር" አልኩት። ዞሮ ሄደ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 9

ወጣ። ማንም ስልክ ያለው ሰው ያየዋል። እኔም አየሁት። ከስሞቹ መካከል የእኔ አለ። የያይ ሲጋም። "የዛጎል ለቃሚ ሴቶች ማኅበር" ይላል፤ ከዶክተሮቹ እኩል። ለዚህ ነበር የጓጓሁት... እንደማላውቀው ሰው ስም አነበብኩት።

ሬዲዮውም ተናገረ። የሩቁ ክንድ ንጹሕ መሆኑን አልተናገረም። "ዛጎሉ መርዝ ነው" ብቻ አለ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 13

የካውላክ ነጋዴዎች አልመጡም። ባለፈው ሳምንት መጨረሻም አልመጡም። የደረቀው ዛጎል በየቤቱ በጆንያ ተቆልሏል፤ የእኔም። ሽታው ቤቱን ሞላው።

ጉድጓዱ ዘንድ ስደርስ ወሬው ቆመ። አንዷ ውኃዋን እያነሣች፣ "ተመራማሪዋ መጣች፤ እንስራችሁን ደብቁ፣ ትለካዋለች" አለች። ሌሎቹ ሳቁ። የኦዲልና የያይ ሲጋ ቀልድ ዓይነት ነው፤ ግን ቀልድ አልነበረም።

ቢራን ደወለ። እዚያም ሰምተዋል። "ምን ነካሽ? ለራስ ወንድም እንዲህ ይደረጋል?" አለኝ። ስለ ያንዴ ጠየቀኝና ነገርኩት። ከዚያ "እሺ... እሺ በቃ" ብሎ ዘጋ።

ልክ ነው የሠራሁት? አንዳንድ ቀን አዎ። ዛሬ አላውቅም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 26

ከከተማ ሰዎች መጡ፤ የተበከለውን አፈር የሚያነሡ። ኦዲል ናት ለምና ያመጣቻቸው። አፈሩ በጆንያ ተጭኖ ከደሴቱ ወጣ፤ ቦታው ላይ ንጹሕ አሸዋና ዛጎል ፈሰሰ። ሴቶቹ የሚያጥቡበትም ቦታ ወደ ሰሜን ዞረ።

ላቲር ሳይጠሩት መጥቶ ቆፈረ። አፍና አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ። ሌሎቹ ሲያርፉ አላረፈም። ውኃ ወስጄ ሰጠሁት። ከጎኑ ላለው ሰው "ተቀበላትና አስቀምጠው" አለው። እኔን አላናገረኝም። ውኃውን ግን ጠጣው። ከሩቅ አየሁት።

አንዲት ነጋዴ ዛሬ መጣች። ወፈር ያለች፣ ምላሷ የማይታክት ሴትዮ። ስልኳን አውጥታ ለያይ ሲጋ አሳየቻት። "ሬዲዮ ሬዲዮ ነው። እኔ ግን ልጄን አስነበብኩት። ይህኛው አረንጓዴ ያለው ከየት ነው? እሱን ብቻ ነው የምገዛው።" ከሩቁ ክንድ የተለቀመውን ወሰደች። ጥቂት ነው። ግን ወሰደች። ካርታው ተደብቆ ቢሆን አረንጓዴውን በምን ታየው ነበር? ለሴቶቹ ይህን ልናገር አሰብኩና ተውኩት። ራሳቸው አይተዋል። ያላዩ መስለዋል እንጂ።

ሐሙስ፣ ሜይ 14

ያንዴ መጣች።

ወፍራለች ትንሽ። ሆዷን አያማትም። ደሟ ውስጥ ያለው በብዙ ቀንሷል አለች ንጎኔ። ደሴቱ ሁሉ ወደ መውጫው ወረደ። ከጀልባው ላቲር ራሱ ተሸክሞ አወረዳት።

ስማችንን ጠራች፤ የእኔን፣ የያይ ሲጋን። የነርሱን ረሳች። የበግ ግልገሏን ስም ረሳች። "እሷ... እሷ..." እያለች ፈለገችው፤ አላገኘችውም። ላቲር ከጎኗ ተንበርክኮ "አዲስ ስም እናወጣላታለን" አላት። ሳቀች። እኛ ማየት አልቻልንም፤ አንዱ ወደ ባሕር፣ አንዱ ወደ መሬት...

ነርሱ ጊዜ ስጡት ይላል። ልጅ ነች፣ ብዙው ይመለሳል ይላል። ብዙው። ሁሉም አይልም።

ዛሬ ማታ የተሰማኝን መጻፍ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ጁን 2

ከጋንጁራ ደሴት ሰዎች ደወሉ። ካርታችንን አይተውታል። እነሱም ዘንድ የሚያቀልጡ አሉ፤ ልጆቻቸውም ሆዳቸውን ያማቸዋል። "ኑና እንዴት እንደምንለቅም አሳዩን" አሉ። ኦዲል ዳካር ናት፤ "አንቺው ሂጂ፤ ከእኔ ይልቅ አንቺን ይሰሙሻል" አለችኝ። ያይ ሲጋ አብራኝ ትሄዳለች። በታንኳ ግን ማን ይወስደናል?

ያይ ሲጋ "ታንኳውን ለእኔ ተዪው" አለች። እንዲህ ስትል ደስ አይለኝም።

ቅዳሜ፣ ጁን 6

ጠዋት ስወርድ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ላቲር ነው። ያይ ሲጋን አየኋት። ሻሿን እያስተካከለች ነበር።

ሰማዩ ከብዷል፤ ዝናብ ሊጀምር ነው። ያይ ሲጋ ብቻዋን ለሁለታችንም አወራች፤ ስለ ጋንጁራ ሴቶች፣ ሩዝ ሲቀቅሉ እንዴት እንደሚያሳርሩ፣ በዚያ ላይ እንዴት ኩሩዎች እንደሆኑ።

እዚያ ሴቶቹ ተሰብስበው ጠበቁን። ወንዶችም ጥቂት። ከረጢቱን፣ ስሙን፣ ከየት መልቀም እንዳለባቸው አሳየኋቸው። ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ቀላል ነው ይህ። ከዚያ አንዲት ልጅ ያዘለች ወጣት ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

"ካገኘን በኋላስ? የሚያቀልጠው የባለቤቴ አጎት ነው። ማን ይነግረዋል?"

አፌን ከፈትኩ። ምን ልበላት? እኔ እንዴት እንደነገርኩት ልንገራት? መጥረቢያ ይዞ ቆሞ፣ በጾም አፉ፣ ልጁ መርፌ ልትወጋ ስትል...

ላቲር ከታንኳው ወርዶ ከሰዎቹ ኋላ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየሁትም።

"እኔ እነግረዋለሁ" አለ።

ሁሉም ዞሩ።

"አንተ ማነህ?" አለው አንዱ ሰው።

"ቀዩ ነጥብ እኔ ነኝ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ሴት ከላካችሁበት አይሰማችሁም። የተማረ ሰው ከላካችሁበት ይሳደባል። እኔ ሥራውን አውቀዋለሁ። የልጄንም ነገር እነግረዋለሁ። ቤቱ የት ነው?"

ወጣቷ ሴት በእጇ አሳየችው። ብቻውን ሄደ። ጠበቅነው። ሻይ አፍልተው ሰጡን፤ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው... ጣዕሙን አላውቀውም። ከዚያ ወዲያ ካለው ቤት የሰው ጩኸት ተሰማ። ላቲር ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ አለ፤ የእሱም እንደዚያው።

"ነገ ጭቃው ሲገለጥ ከእኔ በር ጀምሩ" አለ ሽማግሌው ለሴቶቹ።

ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። የዓመቱ የመጀመሪያው። ያይ ሲጋ ላስቲክ ተከናንባ ተኛች፣ ወይም የተኛች መሰለች። ላቲር ሞተሩን ይዞ ወደ ፊት እያየ፣

"ሽማግሌው ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ?" አለኝ።

ከፌብሩዋሪ ወዲህ ለእኔ የተናገረው የመጀመሪያው ነው። እንዳይቆም ፈርቼ አልተነቃነቅሁም።

"'ማን ነገረህ? ለአንተስ ማን ነገረህ?' አለኝ። 'እህቴ' አልኩት። 'ምን አደረግሃት?' አለኝ።"

ሞተሩን ቀነሰው።

"ምን አልከው?"

"ምንም። ምን ልለው?" ፊቱን ከዝናቡ ጠረገ። "ያንዴ ስላንቺ ትጠይቀኛለች። ስምሽን አልረሳችውም። ነገ ምሳ ነይ።"

ነገ እሄዳለሁ።